ሙያ የት ያድራል?

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚባለው ሥራውን ሳይጀምር ለሚፎክር ሰው ነው፤ አፍህ ይረፍ፣ እጅህ ይናገር እንደማለት። እኔም አባባሉን በዚህ ትርጉሙ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ትርጉሙም መልካም ነው። ነገር ግን ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ሰዎች ጋር እየተገናኘሁ እንጨት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ይኸው አባባል ጥያቄ ሆኖ ይመላለስብኛል። ሙያ የሚያድረው በእርግጥ በልብ ውስጥ ነው? በልብ ከሆነስ ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው የሚሻገረው በምን በኩል ነው?

ስብስባችን ስም የለውም። ማኅበር አይደለም፣ ዕቁብም አይደለም፤ መዋጮ ቢኖር የቡናና የቆሎ ነው። የምንገናኘው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመካከላችን በአንዱ ወላጆች ግቢ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ በተከለለች ጥግ ነው። አንዷ ነርስ ናት፤ ማንኪያና ጭልፋ ትቀርጻለች። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ፤ ከሳጥን በቀር ሌላ ነገር መሥራት አይፈልጉም። የግቢው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እኔ ቀኑን በመሥሪያ ቤት ከወረቀት ጋር የማሳልፍ ሰው ነኝ። ከእንጨት እንጀራቸውን የበሉት ጋሼ ብቻ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በአናጢነት የፈጸሙ ናቸው፤ አሁን ግን ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ስለያዛቸው መሮ ጨብጠው ብዙ መቆየት አይችሉም። የምንሠራው በእጅ መሣሪያ ብቻ ነው፤ በመጋዝ፣ በመላጊያ፣ በመሮና በመዶሻ። ሶኬት አጥተን አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከነሱ ጋር ከመገናኘቴ በፊት ሁለት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ብረታ ብረት መካከል አንድ የዛገ መላጊያ አግኝቼ ገዛሁ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አስለቀቅኩ፤ ምላጩን በድንጋይ ሳልኩ። መጽሐፍ አነበብኩ፤ በስልኬም የሌሎችን አሠራር ተመለከትኩ። የአክስቴ የዋንዛ አልጋ ፈርሶ ጣውላው ተቀምጦ ነበርና ሥራውን ከሱ ጀመርኩ። ዋንዛ ለጀማሪ የተሰጠ እንጨት ነው። አይከብድም፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ አንዴ በደንብ ከደረቀ እንደ ባሕር ዛፍ ተጠማዝዞ አያስቸግርም። ከበሮው፣ የቤቱ በር፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከዋንዛ መሠራታቸው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ግን ዋንዛ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ እንደኛ ላለ ሰው የፈረሰ አልጋ፣ ከአሮጌ ቤት የተነቀለ የዝግባ ወለል ሀብት ነው። እኔ ያንን ሀብት አበላሸሁት። መላጊያዬ በሄደበት ሁሉ የጣውላው ፊት እየተገነጠለ ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣ ነበር። ምላጩን ደጋግሜ ሳልኩ፣ መጽሐፉን ደጋግሜ አነበብኩ። በመጨረሻ ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ ጣልኩ፤ ዛፉ ሲያድግ ክፉ ቦታ በቅሎ ይሆናል አልኩ።

ያንን ጣውላ ይዤ ነው መጀመሪያ ወደ ግቢው የገባሁት። እንጨቱን እንዲያዩልኝ ነበር ሐሳቤ። ጋሼ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም። የቡና ሲኒያቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «እስቲ ላግ» አሉኝ። ላግሁ። ጥቂት ቆይተው «ቁም» አሉ። «ይጮህብሃል እኮ። አይሰማህም?»

አልሰማሁትም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ሥር ሲጮህ የኖረውን ድምፅ አንድ ቀን አልሰማሁትም። እሳቸው ካሉኝ በኋላ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ፤ ጨርቅ እየተያዘ እንደሚቀደድ ያለ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ነበር። «ጣውላውን አዙረው» አሉኝ፤ ጫፉን ወደ ኋላ አዙሬ እንደገና ስልግ ድምፁ ለስለስ አለ። የእንጨት ጅማት ልክ እንደ ከብት ጠጉር የሚተኛበት አቅጣጫ አለው፤ ተከትለውት ሲሄዱ ይተኛል፣ ተቃርነውት ሲሄዱ ይነሣል። የተነሣውን ጅማት ምላጩ ከመቁረጡ በፊት ከሥሩ ይነቅለዋል። ጉድጓዱ የሚመጣው ከዚህ ነበር። ከዚያ ተነሥተው መጡና ቁርጥማት የያዘው እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑት። መላጊያው ወደ ጣውላው ሲገባ ክብደቱ በፊተኛው እጅ ላይ ነው፤ ከጣውላው ሲወጣ ደግሞ ወደ ኋለኛው ይዞራል። ይህ ዝውውር የሚፈጸመው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው። የእሳቸው መዳፍ መቼ እንደሚከብድና መቼ እንደሚቀል በእጄ ጀርባ ተሰማኝ። አራት ወይም አምስት ጊዜ አብረን ገፋን። ከዚያ እጃቸውን አነሡ፤ መላጊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ልጣጭ አወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሰላስለው ይህን ነው። ጋሼ ያሳዩኝ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ነበር። የጅማት አቅጣጫ ተጽፏል፤ የክብደት ዝውውርም ተጽፏል፤ እንዲያውም በእርሳስ አስምሬበት ነበር። ቃሉ ነበረኝ ማለት ነው። ያልነበረኝ ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ነው። «ክብደቱን ወደ ኋላ አዙር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንት ክብደት፣ በየትኛዋ ቅጽበት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም። ምስልም ቢሆን እጅን ያሳያል እንጂ ግፊትን አያሳይም።

በዚህ ረገድ ሁልጊዜ የማስታውሰው ጆሴፍ ሞክሰን የተባለውን የለንደን አታሚና የሉል ሠሪ ነው። ሞክሰን እ.ኤ.አ. ከ1678 ጀምሮ የአንጥረኛውን፣ የአናጢውንና የሌሎችንም ባለሙያዎች አሠራር በየክፍሉ እያተመ አወጣ። በእንግሊዝኛ ስለ እጅ ሙያ ከተዘጋጁት መጻሕፍት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ይህ ሰው ግን ገና በመግቢያው የእጅ ብልኃት በቃል እንደማይሰጥ፣ በልምምድ ብቻ እንደሚገኝ ለአንባቢው አስታውቆ ነው ወደ ነገሩ የገባው። የመጽሐፉን ድንበር ራሱ ደራሲው አሰመረው። ለዚህ እውነተኛነቱ አከብረዋለሁ። ሆኖም ልምምድ ብቻውን ይበቃል በሚለው አልስማማም። እኔም ሁለት ዓመት ተለማምጃለሁ፤ የተለማመድኩት ግን ስህተቴን ነበር። በየቀኑ በተደጋገመ ቁጥር ስህተቱ እየጠነከረ፣ እየለሰለሰ፣ ልማድ እየመሰለ ሄደ። ልምምድ ለጥፋትም ለልማትም እኩል ያገለግላል፤ የትኛውን እያገለገለ እንደሆነ ለሚለማመደው ሰው አይነግረውም።

እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ራሱን አያይም። ስሰነጥቅ ዓይኔ ያለው በመጋዙ ጥርስና በመስመሩ ላይ ነው። ክርኔ ከጎኔ እየራቀ መጋዙን እንደሚያጋድለው ያየልኝ ተማሪው ነው፤ እኔ የማየው መስመሩን የሳተ ቁራጭ ብቻ ነበር። ነርሷ ማንኪያ ስትቀርጽ ትንፋሿን እንደምትይዝና በመጨረሻ ትንፋሿን ስትለቅ ቢላዋዋ እንደሚያመልጣት ያስተዋሉት መምህሩ ናቸው። እሷ በሥራዋ ምክንያት የሰዎችን ትንፋሽ ስትቆጥር የምትውል ሰው ናት፤ የራሷን ግን አልቆጠረችም። እንግዲህ የኔን እጅ ጉድለት የያዘው የሌላ ሰው ዓይን ከሆነ፣ የእጄ ሙያ ግማሽ ከኔ ውጭ ነው ያለው ማለት ነው። «በልብ» የሚለው ቃል የሚጠብብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉ ዕውቀት ግን እንዲህ አይደለም፤ ለሁሉም እጅ በእጅ ላይ መጫን አያስፈልግም። የሠራነውን ዕቃ የምንቀባው በተልባ ዘይትና በሰም ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው፣ በዚያም ጊዜ ሙቀት ያመነጫል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ጨርቁ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ይያያዛል። ስለዚህ ጨርቁ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ አለዚያም ውኃ ውስጥ ይነከራል። ይህን ለማወቅ ጨርቁ ሲቃጠል ማየት የለብኝም፤ ቃል ይበቃኛል። እዚህ የጻፍኩትም አንባቢ በቃሌ አምኖ ጨርቁን እንዲዘረጋ ነው። ዕውቀት በቃል የሚሻገርና በቃል የማይሻገር አለው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ጊዜ ያስባክናል። የመጀመሪያውን ፍለጋ መሰብሰብ አያስፈልግም። የምንሰበሰበው ለሁለተኛው ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ያሰላሰለውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። መምህሩ አንዲት ቃል ሲያርሙ ወይም ምሥጢሩ አልገጠመም ብለው ሲመልሱት፣ እርማቱ የቀረበው ተማሪ ብቻ አይሆንም፤ የሰማው ሁሉ የራሱን ቅኔ በልቡ ይፈትሻል። ሰዋስውን ከብራና መማር ይቻላል፤ ቅኔ ግን ከሰው አፍ ወጥቶ በሰው ጆሮ ተመዝኖ ነው የሚቀናው። ግቢው ውስጥ ጋሼ ለአንዳችን ሲያርሙ ሌሎቻችን መሣሪያችንን እናስቀምጣለን። አስቀምጡ ያለን የለም። እንዲሁ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ደንብ ግን አለን፤ ያመጣችው ነርሷ ናት። ወደ ቅዳሜው ስብሰባ የሚመጣ ሰው በሳምንቱ ያበላሸውን ይዞ ይመጣል፤ ያማረውን ቤቱ ይተወዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከበደን። እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን፤ በእንግዳ ፊት የሚቀርበው የተወለወለው ነው። በዚያ ላይ ሰው የሠራውን ሲያሳይህ «እጅህ ይባረክ» ማለት ምርቃት ነው፤ ጉድለቱን መንገር ነውር ይመስላል። ምርቃቱን አልጠላውም፤ እናቴ እስከ ዛሬ ያንኑ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ግን «እጅህ ይባረክ» የሚለው ቃል የወጣበት ቦታ ትምህርቱ የቆመበት ቦታ ነው። መምህሩ አንድ ቅዳሜ የተሰነጠቀ የሳጥን ክዳን አመጡ። ከጽድ የተሠራ፣ ሽታው ግቢውን የሞላ ክዳን ነበር፤ ዙሪያውን በሚስማርና በኮላ ግጥም አድርገው ይዘውት ነበር። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ በጎኑ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስላልተውለት ራሱን ሰነጠቀ። ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሁላችንም በጣታችን ስንዳስሰው፣ ማን ምን እንዳለ በትክክል አላስታውስም፤ ግን ከዚያ በኋላ ማናችንም ሰፊ ጣውላ ዙሪያውን በኮላ አላሠርንም። ያማረ ክዳን አምጥተው ቢሆን ኖሮ ክዳኑን አድንቀን ቡና እንጠጣ ነበር።

ይህን ሳስብ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የተበላሸውን በሰው ፊት ማኖር ለኛ ለምን ቀለለ? መልሱ ከኛ ቅንነት የመጣ አይደለም። በእንጨት ስለማንኖር ነው። እኔ ሳጥኔ ቢጣመም ደሞዜ አይጎድልም። አናጢው ግን የተጣመመ ሳጥን በደንበኛ ፊት ቢያስቀምጥ ያ ደንበኛ አይመለስም። ያወቀውን ብልኃት ለጎረቤቱ ቢያሳይ ነገ ጎረቤቱ በግማሽ ዋጋ ይሠራበታል። ስለዚህ ለባለሙያው ዝምታ ግድግዳው ነው።

ግድግዳው ደግሞ በእንጀራ ብቻ የተሠራ አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን በሙያው ስም ተሰድቧል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሠራው የስድብ ስም ነበረው፤ በአንዳንድ አካባቢ እንጨት የሚጠርበውም ከዚህ አላመለጠም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ይህን ለመከልከል የንጉሥ አዋጅ ማስፈለጉ የነገሩን ሥር ያሳያል። ወንጌል ዮሴፍን ጸራቢ ይለዋል፤ ይህን እየሰማ ያደገ ሕዝብ ጸራቢውን ከማዕዱ ማራቁ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የተናቀ ሰው ሙያውን ከቤቱ አያወጣም። ለልጁ ያወርሳል፤ ለሌላ አያሳይም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል በትሕትና ብቻ ሳይሆን በቁስልም የተነገረበት ጊዜ እንደነበር እገምታለሁ።

ጋሼ የተማሩት በረዳትነት ተቀጥረው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሰጋቱራ መጥረግ፣ ኮላ ማሞቅ፣ ጣውላ መሸከም ነበር። አለቃቸው መጋዝ ሲሞርዱ ጀርባቸውን ይሰጡ ነበር። መጋዝን መሞረድ የአናጢነት ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ቁመቱም ማዕዘኑም እኩል መሆን አለበት፤ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ በጥቂቱ መታጠፍ አለባቸው፤ ካለዚያ መጋዙ በራሱ ቁራጭ ውስጥ ይጣበቃል። እንጨትን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ የሚሞረደው ጥርስ እንደ መሮ ነው፤ ወርዱን ለመቁረጥ የሚሞረደው ደግሞ እንደ ቢላዋ ነው። ጋሼ ይህን የተማሩት ማታ፣ አለቃቸው ከሄዱ በኋላ፣ የተሞረደውን መጋዝ በሻማ ብርሃን ይዘው ጥርሱን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየዳሰሱ ነው። ሲነግሩን ተማሪው በአለቃቸው ተናደደ። ጋሼ ግን «ስድስት ልጅ ነበሯቸው» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ስለ ሙያ ማደሪያ ያለኝን አሳብ የለወጠው። መጋዙን ሞርሳ ላይ አሠሩና ወደኛ ዞረው ተቀመጡ። ፊታቸው ወደኛ፣ መጋዙ በመካከላችን ነበር። ሞረዱን ጥርስ ላይ አሳርፈው አንድ ጊዜ ገፉ፤ ወደ ኋላ ሲመልሱ ከብረቱ አነሡት፤ ቀጣዩን ጥርስ ዘለው ሦስተኛው ላይ አሳረፉት። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በየመካከሉ ጣታቸውን ያሳርፉ ነበር። ሲጨርሱ «ይኼን ለራሴም ረዳቶች አላሳየሁም» አሉ።

በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ያ ዕውቀት የሚገባው ለነዚያ ረዳቶች ነበር። እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮላ አሙቀዋል፣ ጣውላ ተሸክመዋል፤ እኔ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ቡና እየጠጣሁ ተቀበልኩት። በነፃ የሚሠራ ሰው ለነፃነቱ ዋጋ የከፈለለት ሌላ ሰው መኖሩን መርሳት የለበትም ብዬ አምናለሁ። እኛ ለጋሼ የድካማቸውን እንከፍላለን፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም።

አሁን ስለ እጅ መሣሪያ ወዳቆየሁት ልመለስ። እንግሊዛዊው የእንጨት ባለሙያና መምህር ዴቪድ ፓይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራን በሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ውጤቱ አስቀድሞ በማሽኑ አሠራር ውስጥ ተወስኗል፤ ሠራተኛው ቢጠነቀቅም ባይጠነቀቅም ቁራጩ ያው ነው። በሁለተኛው ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በሠሪው ጥንቃቄና ብልኃት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሥራው በሙሉ ከመበላሸት አደጋ ጋር ይሄዳል። ፓይ አንዱን አወድሶ ሌላውን አልረገመም፤ እኔም ማሽንን አልረግምም። የኮንዶሚኒየም በር ሁሉ በእጅ ይላግ ማለት ለሠራተኛውም ለነዋሪውም ጭካኔ ነው። ነገር ግን ይህ ክፍፍል አንድ ነገር አስረዳኝ። ሌላ ሰው የሚያስፈልገው አደጋው ባለበት ቦታ ነው። ማሽኑ ቀድሞ በወሰነው ሥራ ውስጥ የጋሼ ጆሮ የሚገባበት ስንጥቅ የለም። ደግሞም ጩኸቱ ራሱ ያለያያል፤ ሞተር በሚሽከረከርበት ክፍል ሰዎች ጆሯቸውን ሸፍነው፣ ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። በመላጊያ የሚሠራ ሰው መሀል ላይ «ቁም» ሲባል መቆም ይችላል። እዚያው፣ ስህተቱ ገና ትኩስ ሆኖ፣ መነጋገር ይቻላል።

በጃፓን ኬዙሮካይ የሚባል ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተጀመረው። አናጢዎችም፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ ሰዎችም፣ መሣሪያ ሠሪዎችም ይመጡና ማን ቀጭኑን ልጣጭ ያወጣል በሚል ይወዳደራሉ። የጃፓን መላጊያ እንደኛ የሚገፋ አይደለም፤ ወደ ራስ የሚጎተት ነው። የሚወጣው ልጣጭ ውፍረቱ ከ10 ማይክሮን በታች ይወርዳል፤ የሰው ጠጉር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ይህን ያህል የቀጠነ ልጣጭ ለምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ዓላማው ልጣጩ ነው ብዬ አላስብም። ያንን ልጣጭ ለማውጣት ምላጩ፣ የመላጊያው ሆድ፣ እንጨቱና የሰውየው አካል ሁሉም ልክ መሆን አለባቸው። ልጣጩ በአደባባይ የቀረበ ምስክር ነው፤ ከምስክሩ በኋላ ደግሞ የሚጠየቀው ምላጩ በምን ድንጋይ እንደተሳለ ነው። እንጨት ሠሪ እንጨት ሠሪን የሚፈልገው እንዲህ ለመጠየቅ ነው። ቤተሰቤ ይወደኛል፤ የሠራሁትንም መደርደሪያ ይወደዋል። ግን ምላጩን በስንት ማዕዘን እንደሳልኩት ሊጠይቀኝ አይችልም፤ ያ ጥያቄ ደግሞ አንዳንዴ ከምስጋና ሁሉ በላይ ይናፍቃል።

ከጋሼ የቀድሞ ረዳቶች አንዱን ፈልገን አገኘነው። ዛሬ የራሱ ቤት ያለው፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ የሚሠራው በማሽን ነው። ቅዳሜ ና አልነው። ቅዳሜ ለሱ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ነው፤ አልመጣም። ሁለተኛም ጠራነው፣ ሳይመጣ ቀረ። እኛ ዕረፍት ብለን የያዝነው ሰዓት የሱ የሥራ ሰዓት መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

በመጨረሻ የመጣው በጥምቀት ማግስት ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ የእጅ መጋዝ ይዞ ነበር፤ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ ጥርሱ የዶለዶመ መጋዝ። የጋሼን ጉልበት ስሞ ሰላም አላቸው፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ጋሼ መጋዙን ሞርሳ ላይ አሠሩ፤ ሞረዱን አነሡ፤ ብርዱ ይሁን ቁርጥማቱ ጣታቸው አልጨብጥ አላቸው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ሞረዱን ለሱ ሰጡት፣ ከጀርባው ቆሙና እጃቸውን በእጁ ላይ አደረጉ። እኛ ቡናውን ይዘን ራቅ ብለን ቆምን። የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች አብረው ሞረዱ። ከዚያ ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ወደ በርጩማቸው ተመለሱ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰውየው አንድ ጥርስ እየዘለለ እስከ መጋዙ ጫፍ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ሞረዱ ሲንሸራተት ጋሼ ሳይዞሩ «ተመለስ» አሉት፤ ተመለሰ። ወዲያኛውን ወገን ለመሞረድ መጋዙን ሲያዞረው ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም።